የአስር ደቂቃ ፀሐይ

ቅቤው መቅለጥ ከጀመረ አለቀላት።

ሶዶ ገበያ፣ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ። ቅቤ ተራ። በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ሁለት ኪሎ ቅቤ ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላለች። የሚያያት ሰው ደሞዝ ያልበቃት የላቦራቶሪ ሠራተኛ ናት ይላል። ይበል።

ቅቤው ልብ ውስጥ ጠርሙስ አለች። አውራ ጣት የምታክል። ከላይ ላስቲክ፣ ከላስቲኩ ሥር ፎይል።

የሥራ ስሟ ሸምበቆ ነው። መታወቂያዋ ላይ ያለው ስም ወሰንየለሽ። እናቷ ያወጣችላትን ስም የሚያውቅ ግን ሶዶ ውስጥ አንድም ሰው የለም። አስራ አራት ወር ሙሉ በዛ ስም የጠራት የለም። አንዳንዴ መስታወት ፊት ትቆምና ራሷ ትጠራዋለች። ጆሮዋ «ማንን ነው?» ይላታል።

ተረካቢው ሊመጣ አራት ደቂቃ ቀርቷል።

«ወሰኔ!»

ወይ ጣጣ።

እትዬ አባይነሽ። አከራይዋ። ዘንቢላቸውን አንጠልጥለው በሰው መሀል እየተጋፉ መጡ። አማርኛ ሲያወሩ አንተና አንቺ ይደባለቅባቸዋል፤ አፋቸውን የፈቱት በወላይትኛ ነው፣ ሰፈሩም ለምዶታል።

«ቅቤ ገዛህ እንዴ? ሳትነግሪኝ?»

«የሰው አደራ ነው እትዬ።»

«ልቧን አይተሃል?»

«አላየሁም።»

«ሞኝ! ቅቤ ልቧ ሳይታይ ይያዛል? ዘንድሮ ከላይ ቅቤ ነች፣ ከውስጥ የተቀቀለ ሙዝ ነው የሚሞሉት።» ከነጠላቸው ጫፍ ስንጥር ፈቱ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሴቱ ሁሉ ይቺን ስንጥር ይዞ ነው ከቤት የሚወጣው። እስከ ልቡ ትወጋዋለች፣ ታወጣዋለች፣ ታሸተዋለች። በቃ ሕግ ነው።

ሸምበቆ ሽጉጥ ጨለማ ውስጥ ፈታ መግጠም ትችላለች። የሚከተላትን ሰው በሱቅ መስታወት ታያለች። ስለ ቅቤ ስንጥር ግን ማንም አላስተማራትም።

ስንጥሩ ገባ።

ቅጭ አለ።

እትዬ አባይነሽ ቀና ብለው አዩዋት። ዓይናቸው ፈጠጠ።

«ድንጋይ!» አሉ። «ድንጋይ ሞሉብህ! የታለች የሸጠችልህ? አሳየኝ!»

ቅቤ ተራው በሙሉ ዞረ።

«እትዬ፣ ቀስ» ብላ እጃቸውን ያዘች። «እኔው እመልስላታለሁ። እርስዎ ካሉ ጸብ ይሆናል።»

«ጸብ ነው እኮ የምፈልገው!»

«በሞቴ ይሂዱ።»

ሴትየዋ አጉረመረሙ። ስንጥሩን በነጠላቸው ጠረጉ። ሁለት እርምጃ ሄደው ተመለሱ።

«ምሳ ሙቹዋ አለ» አሉ፣ ከቆጮ የሚሠራውን፣ በቅቤ የራሰውን። «እንዳትቀር። ትናንትም ብቻዬን ነው የበላሁት።»

«እመጣለሁ።»

ሄዱ። ሸምበቆ ትንፋሿን ለቀቀች። ደግሞ እኮ እውነቷን ነበር። ልትመጣ ነበር።

ከዛ ሰውየው መጣ። ግራጫ ጃኬት፣ ጋዜጣ በብብቱ። አባወራ ይሉታል። አለቃዋ ነው። በአስራ አራት ወር ውስጥ ስድስት ጊዜ ነው ያየችው። እውነተኛ ማንነቷን የሚያውቅ፣ በዚህ ሥራ ላይ የምታገኘው ብቸኛ ሰው እሱ ነው።

«የቆላ ነው የደጋ?»

«የእናቴ ነው።»

«እናትሽ ደህና ናት?»

«አርጅታለች።»

የይለፍ ቃሉ ልክ ነው። ቅቤውን እንደሚመዝን ሰው በእጁ አነሳው።

«እውነተኛዋ ናት?»

«እውነተኛዋ።»

«ካዝናው ውስጥስ?»

«ያመጡልኝን ጥላሸት አስቀምጫለሁ።»

ራሱን ነቀነቀ። ሄደ።

ዕቅዱ ቀላል ነበር። ረዳት መስላ ከተቀጠረችበት የምርምር ማዕከል አንድ ሰው የዶክተር ኤርካሎን ሥራ ለውጭ ገዢ ሊሸጥ ነው፤ ማን እንደሆነ አይታወቅም። አባወራ ከሦስት ሳምንት በፊት ጥላሸት የተበጠበጠበት ውሃ በተመሳሳይ ጠርሙስ ይዞላት መጣ። «ይቺን ካዝና ውስጥ አስገቢ። እውነተኛዋን ለኔ አምጪ፣ ቤት አስቀምጣታለሁ። ሌባው ጥላሸት ይሰርቃል፣ እኛ እንከተለዋለን።» ቤት የሚሉት የስለላ መሥሪያ ቤታቸውን ነው። እሷም ዛሬ ጠዋት፣ ዶክተሩ ቤተክርስቲያን ስብሰባ ላይ እያሉ፣ ለወጠችው።

ከርክክብ በኋላ ያለው ሕግ አንድ ነው። በተቃራኒ አቅጣጫ ሂጂ። ወደኋላ አትዪ። አለቃሽን በጭራሽ፣ በጭራሽ አትከተዪ።

ሃያ እርምጃ ሄደች። ሠላሳ።

ቆመች።

ፎይሉ!

ብርሃን ላይ እንዳይከፍት አልነገረችውም።

*

ዶክተር ኤርካሎ ስልሳ ዓመታቸው ነው። ከሶዶ በታች፣ ቆላው ላይ ያለችው ተበላ የምትባል ከተማ ልጅ ናቸው። ጦና የሚባል ታናሽ ወንድም ነበራቸው። ወባ መሆኑ ሳይታወቅ በሦስት ቀን ሞተ። ከዛን ጊዜ ጀምሮ ሰውየው የሚያልሙት አንድ ነገር ነው፤ ከአንዲት ጠብታ ደም ወባን እዛው የምትለይ የመመርመሪያ ቁራጭ።

ቁራጯ የምትሠራው ከካርቦን ናኖቱዩብ ነው። አንድ ፀጉር ሃምሳ ሺህ ቦታ ቢሰነጠቅ አንዱ ስንጣሪ የሚያህል ቱቦ።

«ቤት በይው» ብለዋት ነበር መጀመሪያ ቀን፣ የላቦራቶሪው ቀይ መብራት ሥር ቁጭ ብለው። «ግድግዳው ካርቦን ነው። ባዶውን ከሆነ ኤሌክትሪክ ላይ ጠባዩ አይታወቅም፣ አንዱ እሺ ይላል አንዱ እምቢ። ስለዚህ ተከራይ እናስገባለታለን። የብር ጨው እናቀልጣለን፣ ቱቦው ራሱ ይመጠዋል። ይሄ ተከራይ ክፉ ነው። ከግድግዳው ላይ ኤሌክትሮን ይሰርቃል፣ ሚስማር ነቅሎ እንደሚሄድ ተከራይ። እኛ ደሞ የምንፈልገው እሱኑ ነው። የተራበ ግድግዳ የወባን ምልክት ቶሎ ይይዛል።»

«ተከራዩ ቢቀየርስ?»

«ብርሃን ካየ ይቀየራል። ጨውነቱ ይለቅና ንፁህ ብር ይቀራል። የጌጡን ብር ነው የምልሽ ልጄ፣ እንደ ክር የቀጠነ። ብር ደሞ ቸር ነው፣ ኤሌክትሮኑን ለግድግዳው ይሰጣል። ያው ቱቦ፣ ያው ግድግዳ፣ ጠባዩ ግን ተገለበጠ። ለኛ ሥራ ሞተ።»

«ከውጭ ያስታውቃል?»

«ምንም! ከውጭ ያው ነው። አያስፈራም?» ብለው ሳቁ።

እሷ አልሳቀችም። የዛን ቀን ቤቷ ገብታ ግድግዳውን ስታይ አመሸች።

የላቦራቶሪው በር ላይ በእጃቸው የጻፉት ወረቀት አለ። «መብራት የሚያበራ ሦስት ዓመቴን ያጠፋል።» ቀልድ አይደለም። ከሺህ ሙከራ መሀል በደንብ የተሞላው ያ አንድ ጠርሙስ ብቻ ነው። ሦስት ዓመት። አስር ደቂቃ ፀሐይ ካየ ደግሞ የለም።

እና ሮጠች። ይሄ ነው ስህተቷ። ሰላይ ብቻ ብትሆን ኖሮ አትሮጥም ነበር። ሰላይ ሕጉን ይዛ ቤቷ ትገባለች። የሮጠችው ወሰንየለሽ ናት፣ የላቦራቶሪ ረዳቷ፣ ጠርሙስ በፎይል መሸፈን አስራ አራት ወር የለመደችው።

በባጃጅ መናኸሪያ ደረሰች። አባወራ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው መኪና ላይ ይወጣል ብላ ነበር።

አልወጣም።

«ተበላ! ተበላ! አንድ ሰው፣ አንድ ሰው!» የሚለውን ረዳት አልፎ ሚኒባስ ጋቢና ገባ። ቅቤውን ታቅፏል። ሚኒባሱ ወጣ።

ተበላ? መሥሪያ ቤታቸው ተበላ ላይ ምንም ሥራ የለውም።

ቀጣዩ ሚኒባስ ላይ ወጣች። ኋላ ወንበር። ሸንኮራ ተሸክመው የተሳፈሩ ሽማግሌ አጠገብ። ካልጨነቀ የማይደወልበትን ቁጥር ደወለች።

«ቤት» አለ የሴት ድምፅ።

«ሸምበቆ ነኝ። አባወራ ተበላ ምን ይሠራል?»

«እሱ ከሰኞ ጀምሮ እረፍት ላይ ነው።»

«ቅቤውን እኮ ሰጥቼዋለሁ።»

«የቱን ቅቤ?»

የቱን ቅቤ! ቤቱ ስለ ዕቅዱ አያውቅም። ጥላሸቱ፣ መለወጡ፣ ሌባው፣ ሁሉም የአባወራ ፈጠራ ነው። ሌባው እሱ ነው። እጁ ደግሞ እሷ።

«ዋናውን» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ገዢ ሊያገኝ ነው።»

«ሶዶ ያሉት ልጆች ሃምሳ ደቂቃ ይፈጅባቸዋል።»

«ሃምሳ ብዙ ነው።»

«አቆዪው።» ተዘጋ።

ሽማግሌው ሸንኮራቸውን አስተካክለው አዩዋት።

«ቅቤ ለወንድ ሰጠሽ?»

«አዎ አባባ።»

«ቅቤና ምስጢር ለወንድ አይሰጥም» አሉ። «እኔ ራሴ ወንድ ነኝ፣ አውቀዋለሁ።»

*

ተበላ ሲደርሱ ፀሐይዋ ገና በረፋዱ ከርራለች። ሶዶ ላይ ሹራብ ያስለብሳል፣ እዚህ አየሩ ራሱ ይተኩሳል። ሰው የነጠላ ጫፍ የምታክል ጥላ እንኳ የሚሻማበት ቦታ ነው።

ሰውየውን ለማግኘት አልተቸገረችም። የቅቤ ጠብታ ነበር የመራት። ከሚኒባሱ ማቆሚያ፣ በሱቆቹ ፊት ለፊት፣ እስከ አንድ ምግብ ቤት ጓሮ ድረስ። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ።

ጓሮው ውስጥ ትልቅ ማንጎ ዛፍ አለ። ከሥሩ ጠረጴዛ። አባወራ ሱሪው በቅቤ ርሶ፣ እጁ እስከ ክንዱ አብረቅርቆ፣ የቀለጠውን ቅቤ በማንኪያ ይፈለፍላል። ፊት ለፊቱ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ሰው። ደንበኛው ይሁን ስሙ። ነጭ ፒክአፕ አጥሩ ጋ ቆሟል። ሞተሩ አልጠፋም።

አምስት ደቂቃ ይኖራታል። ቢበዛ።

ገባች።

አባወራ ቀና አለ። ቀኝ እጁ ጃኬቱ ሥር ገባ።

«ሸምበቆ።»

«አዎ።»

«ሕጉ ምን ይላል?»

«አትከተዪ ይላል።»

«እና?»

አንድ መልስ ነበራት። የመጣችበትን እውነት። ብርሃን ላይ እንዳይከፍቱት ልነግርዎት ነው። አፏ ላይ ደርሷል።

ዋጠችው።

«ድርሻዬን ልጠይቅ ነው» አለች። ከዛሬ ጀምሮ እርስዎ የለም። «አንተ ብቻህን ልትበላ?»

አባወራ ተገረመ። ከዛ ሳቀ፣ ከልቡ። «አየህ?» አለው ደንበኛውን። «እኔ ነኝ ያሰለጠንኳት።» እጁን ከጃኬቱ አወጣ። «ነይ ቁጭ በይ። እንዲያውም ደግ አደረግሽ። ዕቃውን የምታውቂው አንቺ ነሽ። እውነተኛ መሆኑን ንገሪው።»

ደንበኛው አማርኛ ይችላል፣ ግን የየት አገር ሰው እንደሆነ ከአማርኛው አይታወቅም። «ከመክፈታችን በፊት» አለ ቀስ ብሎ፣ «ማወቅ ያለብን ነገር አለ?»

ማንጎው ላይ ወፍ ትጮሃለች። ሞተሩ ይንዶቀዶቃል።

ብትናገር፣ ጠርሙሷ በፎይሏ ተጠቅልላ ፒክአፑ ላይ ትወጣለች። ደህና ሆና። ለዘላለም።

ዝም ብትል፣ ሦስት ዓመት። የዶክተር ኤርካሎ ቀይ መብራት። ሺህ ሙከራ። ጦና።

እሷው ናት የምትገድለው።

«የለም» አለች።

አባወራ ላስቲኩን ቀደደ። ፎይሉ የቅቤ መከላከያ መሰለው። ገሸለጠው። ኳስ አድርጎ ወረወረው። ጠርሙሷ ወጣች፣ ውስጧ ያለው ፈሳሽ ስስ ቀለም ይመስላል።

«ጥላው ውስጥ ምንም አይታይም» አለ ደንበኛው።

አሁንም ዝም ማለት ትችላለች። ዝም አላለችም።

«ፀሐይ ላይ ነው የሚታየው» አለች። «ወጣ ብለው፣ ከፍ አድርገው ይዩት።»

ሰውየው ከማንጎው ጥላ ወጣ። ጠርሙሷን በሁለት ጣቱ ይዞ ወደ ተበላ ፀሐይ አነሳት።

አንድ ደቂቃ።

ፎቶ አነሳ። ገለበጣት። አባወራ «ሦስት ዓመት የፈጀ ነው» እያለ ያሞግሳል። ሸምበቆ እጇን ጠረጴዛው ሥር ጨብጣለች። ጣቶቿ ፎይል ይፈልጋሉ።

አራት ደቂቃ።

«ጠባዩስ?» አለ ደንበኛው።

«ይሰርቃል» አለች። «የዶክተሩ ሪፖርት ላይ እንዳለው።»

ሰባት።

ጠርሙሷ ምንም አልሆነችም። ከውጭ ያው ናት። ሸምበቆ ግን ስትሞት አየቻት። አንድ በአንድ፣ ጨው ሲለቅ፣ ብር ሲቀር።

አስር።

ደንበኛው ተመልሶ ተቀመጠ። ከቦርሳው ስልክ የምታክል መለኪያ አወጣ። አንድ ጠብታ አደረገባት፣ እፍ እፍ ብሎ አደረቃት፣ ቁልፍ ነካ። የሚሰርቅ ከሆነ ቀስቷ ወደ ቀኝ ትሄዳለች፣ የሚሰጥ ከሆነ ወደ ግራ።

ወደ ግራ ሄደች።

ደገመው። ግራ።

«ሪፖርቱ ቀኝ ነው የሚለው» አለ።

«መለኪያህ ተበላሽቶ ይሆናል!»

«መለኪያዬ አይበላሽም። ሌላ ዕቃ ነው ያመጣህልኝ። ዋናውን ለማን ሸጥከው?»

«እኔ? ኧረ በእግዚአብሔር ስም! አሁን እኮ ነው ከቅቤ ውስጥ ያወጣሁት፣ እያየኸኝ!»

«ቅቤ!» አለ ደንበኛው በንቀት። «ከእናንተ ጋር መሥራት እንዲህ ነው።»

ተጯጯሁ። ደንበኛው ተነሳ፣ አባወራ ክንዱን በቅቤ እጁ ያዘው፣ አንሸራተተው፣ ደግሞ ያዘው። ዋናው የት ነው፣ ይቺው ናት፣ የት ነው፣ ይቺው ናት። አምስት ደቂቃው አስራ አምስት ሆነ። ሃያ ሆነ።

ከዛ አባወራ መሬት ላይ የወደቀውን የፎይል ኳስ አየ። ፀሐይዋን አየ። እሷን አየ።

ሽጉጡ የጎኗን አጥንት ሲነካ ቀዝቃዛ ነበር።

«ምን አደረግሽ?»

«ምንም።»

«ምን አደረግሽ ነው የምልሽ!»

«ምንም አላደረኩም። ዝም ነው ያልኩት።»

ሙዝ የጫነ አይሱዙ አጥሩን ተደግፎ ቆመ። ከሙዙ መሀል አራት ሰዎች ዘለሉ። አባወራ ዞረ።

ዘገየ። እጁ በቅቤ ርሶ ነበርና ሽጉጡ እንደ ሳሙና አመለጠው።

*

«ጎበዝ» አለ የሴቷ ድምፅ በስልክ። «ሁለቱም ተይዘዋል።»

«ጠርሙሷ ሞታለች።»

«ይሁን። እነሱም አላገኟት።»

«ለዶክተሩ ምን ልበላቸው?»

«አንቺ ምንም አትያቸውም። ወሰንየለሽ አልቃለች። የምንናገረው ይሄ ነው፦ ረዳቷ ጠርሙሷን መስኮት ላይ ረሳች። ስትበላሽ ጥላሸት ሞልታ ካዝና ውስጥ አስቀመጠች። አፍራ ጠፋች። ካዝናው ውስጥ ጥላሸት ስለሚያገኙ ያምኑታል።»

«ውሸታም ልታደርጊኝ ነው።»

«አንቺን አይደለም። ወሰንየለሽን ነው።»

ከተበላ መውጫው በሶዶ ነው። የሚወስዳት መኪና መሀል ከተማ ላይ በጋሪ ታገደና ቆመ፣ ልክ እትዬ አባይነሽ ሰፈር ጋ። ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። ሴትየዋ በር ላይ በርጩማ አውጥተው ተቀምጠዋል። አጠገባቸው በሰሃን የተከደነ ምግብ። ወደ ገበያው መንገድ ያያሉ። አንዴ ሰሃኑን ገለጥ አድርገው አዩና መልሰው ከደኑት።

ሸምበቆ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ጋሪው ተነሳ።

ከሁለት ወር በኋላ አንዲት ገጽ ሪፖርት አሳዩዋት፣ ፈርማ እንድትመልስ። ዶክተር ኤርካሎ ስለ ረዳታቸው ተጠይቀው የመለሱት ተጽፏል። ሁለት መስመር ብቻ። «ጥሩ ልጅ ነበረች። ብትነግረኝ እንደገና እንሠራው ነበር።»

ፈረመች። መለሰች።

አሁን ከሶዶ በጣም ሩቅ የሆነች ከተማ ውስጥ ፎቶኮፒ ቤት ትሠራለች። ማክዳ ይሏታል። ዝምተኛ ናት ይላሉ፣ ሥራ ላይ ግን ጎበዝ። ስለ ቤተሰቧ አታወራም። ቅዳሜ ቅዳሜ ምሳ ሰዓት ላይ ትንሽ ትጠፋለች። ቅቤ ስትገዛ ልቡን ሳታይ አትገዛም።

አንድ ቀን ባልደረባዋ ህብረት የምትጠጣውን የውሃ ጠርሙስ መስኮቱ ላይ ረሳችው። ፀሐይ አርፋበታለች። ማክዳ ወረቀት እየቆጠረች ነበር። አቋረጠች፣ ተነሳች፣ ጠርሙሱን አንስታ ጥላ ውስጥ አስቀመጠችው። ያም አልበቃ አላት። ጋዜጣ አለበሰችው።

ህብረት በሳቅ ፈነዳች። «አንቺ! ውሃ እኮ ነው!»

«አውቃለሁ» አለች ማክዳ።

ተመልሳ ወረቀቷን ከአንድ መቁጠር ጀመረች።